ብርሃን የማይከተላት ሞገድ

ኖቬምበር 4

ዛሬም ጃፓን፣ ካሚዮካ ዋሻ ውስጥ። ብርድ፣ የጣሪያ ጠብታ፣ የባልደረባዬ የቴፔይ ቀልድ። የመለኪያችን መስታወቶች ጸጥ ብለዋል። ሩቅ ሰማይ ላይ ሁለት ኮከቦች ሲላተሙ ስበታቸው ሞገድ ሆኖ መጥቶ ያንቀጠቅጣቸዋል… ያንን ስንጠብቅ ነው የምንውለው። መምህራችን ፕሮፌሰር ኦጊኖ ሆስፒታል ከገቡ ወዲህ ቦት ጫማቸው መግቢያው ላይ እንደቆመ ነው። የሚያነሳው የለም።

ኖቬምበር 7

ሞገዷ መጣች! ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግሞ ቴሌስኮፖቹ እዚያው ሰማይ ላይ ብልጭታ አዩ። በኋላ! ስበት ብርሃንን ቀደመው ማለት ነው? ከሆነማ ስሜ ዓለምን ይዞራል።

ቴፔይ ሳቀብኝ። "ምን ያስቦርቅሻል? የሽማግሌው ፈተና ትሆናለች።"

"ብልጭታውስ?"

"አጋጣሚ።"

ሊሆን ይችላል። ንቁ መሆናችንን ለማየት ኦጊኖ ማሽን ላይ በድብቅ ቀን ሞልተው ይተዋሉ፤ ቀኑ ሲደርስ ማሽኑ ራሱ መስታወቶቹን ይነቀንቃል። ቀኑን ከሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። ልማዳችን ነው።

ግኝቱን የማሳውቅበትን ጽሑፍ ግን ጀመርኩት። ነገ ሄጄ ልጠይቃቸው።

ኖቬምበር 8

ቶያማ፣ ሆስፒታል። ኦጊኖ ከስተዋል። የወሰድኩላቸውን ፍሬ አልነኩትም።

"መምህር፣ የእርስዎ ናት?"

"አይደለችም። የኔዋ ገና ናት።"

ልቤ ዘለለ። "እንግዲያው ስበት ብርሃንን ቀደመ!"

"አብረው ተነሱ ያለሽ ማነው? ስበት ምንም አያግደውም፣ ይወጣል። ብርሃን ግን በፍርስራሹ መሃል እየተጋፋ ነው የሚወጣው። ዘግይቶ የተነሳ ዘግይቶ ይደርሳል። አንቺ ልጅ… ይኼን ጽፈሽ መሳቂያ እንዳትሆኚ።"

አፈርኩ። ተናደድኩም።

ስወጣ ጠሩኝ። "የኔዋ ስትመጣ ብርሃን አትጠብቂ። ለማንም እንዳትነግሪ።"

ኖቬምበር 9

ጽሑፉን ሰረዝኩት።

ኖቬምበር 15

ኦጊኖ ዐረፉ። እንደተናደድኩባቸው ገብቷቸው ይሆን?

ኖቬምበር 21

ዛሬ መስታወቶቹ ተንቀጠቀጡ።

ሁሉም ዘለሉ። ቴፔይ ለቴሌስኮፖቹ እየደወለ ይጮሃል። እኔ ከቦታዬ አልተነሳሁም። ኦጊኖ አስከሬናቸው ተቃጥሎ አመድ ሆነዋል… እጃቸው ግን አሁን፣ እዚህ፣ መስታወቱን ገፋው። ፈራሁ። ዘግይቶ የተነሳ ዘግይቶ ይደርሳል ብለውኝ አልነበር?

መግቢያው ላይ ቦት ጫማቸውን ነካሁት። እርጥብ ነው። ጣሪያው ስለሚያንጠባጥብ ነው… ነው አይደል?

ቴፔይ ተከትሎኝ መጣ። "ብልጭታ የለም። ሰማዩ ጭር ብሏል። ምን ሆነሻል አንቺ?"

"ምንም።"

ለማንም አልነገርኩም። ቃላቸውን ጠብቄያለሁ፣ ግማሹን። ውጭ ወጥቼ በረዶው ላይ ቆምኩ፣ አንገቴን ወደ ሰማይ አቅንቼ። ብርሃን አትጠብቂ ብለውኝ ነበር።

ጠበቅኩ።