ወንበሮቹ የተነሱበት ስብሰባ

ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ? እንቅልፍህስ? ብርድ ሲነካው የሚያስቸግርህ ወገብህ ተሻለው? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ሁላችንም ደኅና ነን። እታለም፣ የምታነቢለት አንቺ ነሽና ሰላምታዬ ላንቺም ይድረስ። ቀስ ብለሽ አንብቢለት፤ አንድም ቃል እንዳያመልጠው።

አባዬ፣ ማዘጋጃ ቤቱ አሮጌውን ሰፈር ቅርስ ብሎ ሲከልል መስመሩን በመንገዱ መሀል ማሳለፉን ታውቃለህ። ከመንገዱ ወዲያ ያለው ድንጋይ ሁሉ ተከበረ፤ ወዲህ ያለነው ደግሞ ለጎብኚዎች መኪና ማቆሚያ ልንፈርስ ሆነ። አንተም ዓይንህን ልትታከም እታለም ዘንድ ሄደህ ሳለ ወሬው ሲደርስህ፣ «ሱቄ ፈርሶ ከማይ ዓይኔ እንዲሁ ይቅር» ብለህ ሐኪሙን መለስከው። ከዚያ ወዲህ እማዬ ፊቷ በርቶ አያውቅም።

ሐሙስ ዕለት የመጨረሻው ስብሰባ በአሮጌው አዳራሽ ተጠራ። አዳራሹ ግንቡ ያስፈራል እንጂ መቀመጫ የለውም፤ ሰርግም ሆነ ለቅሶ ሲኖር ወንበር የሚሄድለት ከእኛ ነው። እኛም እንደ ልማዳችን በጠዋት ወንበራችንን ተሸክመን ተሻገርን። አብዛኛው ያንተ የእጅ ሥራ ነው። አያስቅም? የሚያፈርሱን ሰዎች ቆመው እንዳይደክሙ መቀመጫ ይዘንላቸው ሄድን!

የማዘጋጃ ቤቱ የፕላን ኃላፊ ካርታዋን ሰቅላ ስታስረዳ ስታስረዳ ቆይታ፣ ከመስመሩ ውጪ ያለው ሰፈር ከቅርሱ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም አለች። ይሄኔ ፀጉር ቆራጯ፣ ያቺ አንተ «መብረቅ» የምትላት፣ ብድግ አለች። «እንዲያ ከሆነማ ወንበሬን ልውሰዳ!» ብላ አንስታ ተሸከመችው። ዳቦ ጋጋሪው ተከተላት። እኔስ ምን ቀረኝ? እኔ ወንበር ላይ የኃላፊዋ ረዳት ተቀምጦ ነበር፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ይቅርታ ጌታዬ» አልኩና አጠገቡ ቆምኩ። ተነሳልኝ።

የፈራሁት የአሮጌውን ሰፈር ሰዎች ነበር፤ መኪና ማቆሚያው ገበያ ያመጣላችኋል ተብለዋልና። ግን ከእነሱው ወገን፣ ሁላችንን ያዋለዱን አሮጊት ትከሻዬን ተደግፈው ተነሱ። «ዳቦዬ ከዚያ፣ መድኃኒቴ ከዚያ፣ የቤቴ በር ሲሰበር የሚጠግንልኝ ከዚያ። እነሱ ከፈረሱ ግንቡን ልጎርሰው ነው?» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ ሰውም ሁሉ ከወንበሩ ተነስቶ ከእኛ ጋር ቆመ።

ኃላፊዋ መጀመሪያ ፊቷ ቀላ፤ ኋላ ግን ሳቋ አመለጣት። ካርታዋን ጠቅልላ «እስቲ ኑና አሳዩኝ» አለችን። መንገዱን አብራን ተሻግራ ቤት ለቤት ዞረች። ሱቅህ ውስጥ ለጥገና የመጡትን የአሮጌው ሰፈር መስኮቶች አንድ በአንድ እየነካች ብዙ ጠየቀችኝ፤ የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት።

ዛሬ ጠዋት ውሳኔው ተለጠፈ። መስመሩ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ነገር ግን በዙሪያው ያለነው «የቅርሱ አዋሳኝ» ተብለናል፤ አንፈርስም፣ ፎቅም አይሠራብንም። መኪና ማቆሚያው ከወንዙ ማዶ ወዳለው ባዶ ሜዳ ሄደ። ደግሞም እንኳንም መስመሩ ውስጥ አልገባን! እዚያ ሚስማር ለመምታት እንኳ ፈቃድ ያሻል፤ ያንተ መጋዝ ሲያጓራማ ማን ይችለው ነበር? መብረቅ መንገድ ላይ እየዘለለች ስትጮህ እሳት የተነሳ መስሎት ባልዲ ይዞ የወጣ ሰው ነበር።

ለእታለም ባል ለጋሼ እጅ ነስታለች በሉልኝ። ትልቋን የእህቴን ልጅ ጉንጯን፣ ያን አልቃሻውን ደግሞ ዝም ካለ ግንባሩን ሳሙልኝ። ዳቦ ጋጋሪውና አሮጊቷ አዋላጅ ሰላም ብለውሃል። እማዬ «ሰበቡ አልቋል በይው፤ ድሮም የፈራው የሐኪሙን ቢላዋ ነው» ብላ ሳቀችብህ። ከዚያ ዞር ብላ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት። አባዬ፣ ሱቅህ ቆሟል። ዓይንህን ታከምና ና፣ ራስህ እየው።

ልጅህ
ከመስመሩ ወዲህ፣ ከአናጢው ቤት
ቅዳሜ፣ ጥር 14 ቀን