ተሸጠ የተባለው ሜዳሊያ

ሚያዝያ 27፣ ማክሰኞ

ዛሬም ከቁርስ በፊት ዋንጫ በላን። ያንኑ የድሮውን፣ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረውን። በየቀኑ ብንበላውም አያልቅም።

አያቴ፣ አባባ፣ ሻዩን እያማሰለ የመጀመሪያውን ዋንጫ ያመጣውን ብሔራዊ ቡድን አሰለፈ። በረኛው የወደብ ጫኝ፣ መዳፉ አካፋ የሚያህል (ባለፈው ወር ሰሃን ነበር የሚያህለው… እያደገ ነው)። ሁለቱ የመሐል ተከላካዮች እህትማማቾችን አግብተው የተኳረፉ። ውድድሩ እስኪያልቅ አንድ ቃል አልተነጋገሩም፤ "ወደኋላ ሳብ በል በልልኝ" የሚባባሉት በበረኛው በኩል ነው። ብዙ ግብ ያልገባብን ለዚህ ነው ይላል አባባ፣ ያኮረፈ ሰው አይዘናጋም። መሐል ላይ ፖስተኛው፣ ክንፍ ላይ ዳቦ ጋጋሪው፣ ፊት ላይ "ነፋስ" የሚሉት የባቡር መካኒክ። አሠልጣኙ የስፖርት አስተማሪ ነበር አሉ። ተጫዋች የሚመርጠው ምግብ ጠረጴዛ ላይ ነው! አንድ ቅርጫት ዳቦ መሐል ያስቀምጥና ቆሞ ያያል። ለጎረቤቱ ሳያቀብል የጎረሰ፣ ሻንጣውን ይዞ ወደ እናቱ ቤት። "ዳቦ የማያቀብል ኳስ አያቀብልም!"

ከዚያ የተለመደው ጥያቄ መጣ።

"የመጨረሻዋን ኳስ ለነፋስ ያቀበለው ማን ነው?"

"አንተ!" አልን በኅብረት። እማዬ ሶፋ ሥር ቁልፍ እየፈለገች ነበር፣ ከዚያው ሆና አለች።

ሜዳሊያው የት ደረሰ ብሎ ግን የሚጠይቅ የለም። ተሽጧላ። ለአባዬ የትምህርት ቤት ክፍያ። ይኸው አባዬ ፋርማሲስት ሆነ፣ አባባ ደግሞ ባዶ ደረቱን ቀረ። ወሬው በተነሣ ቁጥር አባዬ ዓይኑን ሰብሮ ትልቁን የዳቦ ቁራጭ ወደ አባባ ይገፋል። ትልቁ ወንበር፣ ፀሐይ የሚገባበት ክፍል፣ የቴሌቪዥኑ ሪሞት… ሁሉም በሜዳሊያው የመጣ ነው። እኔስ? ምን ሸጬ ነው ሪሞት የምይዘው?

ሚያዝያ 30፣ ዓርብ

አባባን ለምሳ ልጠራ ፀጉር ቤት ሄድኩ። ቤቱ ጢም ብሏል፣ የሚቆረጥ ግን አንድም ሰው የለም። (ግማሾቹማ የሚቆረጥ ነገርም የላቸው።) የምንጊዜም ምርጥ አሥራ አንድ እየመረጡ ነው። ፀጉር ቆራጩ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ዋንጫ ሰው ካልገባ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ልብስ ሰፊው ደግሞ አምና አራተኛውን ያመጡት የአሁኖቹ ይግቡ ባይ ነው።

"የአሁኖቹ!" አለ አባባ። "ግማሾቹ ውጭ አገር ያደጉ፣ መዝሙሩ ሲዘመር እንደ ዓሣ አፋቸውን ከፈት ዘጋ የሚያደርጉ!"

"ዓሣም ይሁኑ፣ ዋንጫውን ይዘው መጡ" አለ ልብስ ሰፊው።

"ፀጉራቸውንስ አይተኸዋል?"

"ፀጉሩን ተወው ሻምፒዮን!" አለ ፀጉር ቆራጩ ቆጣ ብሎ። "ልጆቼን የማሳድገው በዚያ ፀጉር ነው። ጎረምሳው ሁሉ እንደነሱ አድርገኝ እያለ ነው የሚመጣው።"

ሻምፒዮን የሚሉት አባባን ነው። ሰፈሩ ውስጥ በሌላ ስም የሚጠራው የለም።

መጨረሻ ላይ ቡድኑ ወጣ። ተጨባበጡ። ቆጠርኩት… ምርጥ አሥራ አንዱ አሥራ አራት ናቸው። "ሦስት ትርፍ አለ" ብላቸው "አንቺ ስለ ኳስ ምን ታውቂና!" ተባልኩ። ስለ መቁጠር ነበር እኮ ያወራሁት።

ግንቦት 4፣ ማክሰኞ

ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ከእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ነው። ለስላሳ ድምፅ፣ ቅቤ የጠጣ።

የመጀመሪያው ዋንጫ ሃምሳኛ ዓመት እሑድ ግንቦት 16 ስታዲየም ውስጥ ይከበራል። በዚያን ጊዜ ሜዳሊያ የተሰጠው በፍጻሜው ለተሰለፉት አሥራ አንዱ ብቻ ነበር። አሁን ለተጠባባቂዎቹም ለመጀመሪያ ጊዜ ይሰጣል። በሕይወት ያሉት ተጠባባቂዎች ሁለት ብቻ ናቸው፣ አንዱ አያትሽ።

"ተጠባባቂ?" አልኩ።

"አዎ የኔ እመቤት። አንድም ጨዋታ ሳይሰለፉ ቡድኑን በትዕግሥት ያገለገሉ።"

በትዕግሥት! አባባ! ሻይ እስኪበርድ የማይጠብቀው!

ስልኩን ዘግቼ ኮሪደሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። አንድም ጨዋታ? ቆይ… ያልተሰጠ ሜዳሊያ እንዴት ይሸጣል?

ግንቦት 5፣ ረቡዕ

"አባባ፣ ፌዴሬሽኑ ደውሎ ነበር።"

ሻዩ ትን አለው። "ምን አሉ?"

"ተጠባባቂ አሉ።"

ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ተመልሶ ተቀመጠ። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

"በኛ ጊዜ ቅያሬ እንደ ዛሬው በየደቂቃው አልነበረም። ሰው ካልሞተ አይቀየርም።"

"እና ማንም አልሞተልህም?"

"በግማሽ ፍጻሜው አንድ ጊዜ ተስፋ ነበረኝ። ግራ ተከላካዩ ሆዱን ይዞ ወደቀ። ጫማዬን አጠበቅኩ… ተነሣ።" ሰውየውን እስከ ዛሬ ይቅር ያለው አይመስልም።

"ለነፋስ ያቀበልካትስ ኳስ?"

"ወጥታ እኛ ወደተቀመጥንበት መጣች። ብድግ አድርጌ ሰጠሁት። ቶሎ ወረወረ፣ መልሶ ተቀበለ፣ አገባ። ውሸት ነው? በእግሬ ነው ብዬ አውቃለሁ?"

ምንጣፉ ላይ በሳቅ ተንከባለልኩ።

"ታዲያ አሠልጣኙ ምን አይቶ ነው የመረጠህ?"

"ዳቦ በማቀበል የሚስተካከለኝ አልነበረም።"

ለአባዬ እንዳልናገር ለመነኝ። ድርድር ገባን። ሪሞቱ ከዛሬ ጀምሮ የኔ ነው። ለፍትሕ የምታገል ልጅ ነኝ።

ግንቦት 8፣ ቅዳሜ

ለአባዬም ደወሉለት። "ሜዳሊያ ልንሰጣቸው ነው" የሚለውን ሰማ፣ የቀረውን ደስታው ዋጠው።

"የሸጠውን ሊተኩለት ነው!" አለ። ወጥ ቤት ገብቶ በሰሃን መጥረጊያ ጨርቅ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት። አርባ ሰባት ዓመቱ ነው እኮ!

አባዬ በወርቅ ቤት በር ሲያልፍ መስታወቱ ላይ አፍንጫውን ሳይለጥፍ አያልፍም። ምናልባት የተሸጠው ሜዳሊያ እዚያ ይኖር ይሆናል ብሎ… ትንሽ ሆኜ አንዴ አገኘሁት ብሎ ገዝቶ መጣ። አባባ መነጽሩን አድርጎ አገላብጦ አየና "ልጄ፣ ይኼ የዋና ነው" አለ። እውነትም ሜዳሊያው ላይ የተቀረጸው ሰውዬ ውኃ ውስጥ ነው። አባዬ የሚወረወር በረኛ መስሎት ነበር። ስንት ዓመት ስቄበታለሁ በዚህ። ዛሬ ግን ሳስበው አላሳቀኝም። ለምን?

ሰፈሩም አብዷል። ልብስ ሰፊው ከአልጋ ልብስ የሚተልቅ ጨርቅ ላይ "ለነፋስ ላቀበለው ሻምፒዮናችን!" እያለ ይሰፋል። ፀጉር ቆራጩ ሁሉንም የሚጭን መኪና ተከራይቷል። አባባ ምሳውን ሳይጨርስ ተነሣ።

ሪሞቱ እጄ ላይ ነው። የሚታይ ነገር የለም።

ግንቦት 11፣ ማክሰኞ

አባባ ወገቡን አመመው። እስከ እሑድ እንደማይሻለው ከወዲሁ ያውቃል። የተማረ ወገብ ነው።

አባዬ የሚቀባ፣ የሚዋጥና የሚለጠፍ ይዞ መጣ። ሲወጣ እኔ ገባሁ።

"ወገብህ ትናንት ሶፋ ሲገፋ ነበር።"

"ዝም በይ አንቺ።"

"አትሄድም ማለት ነው?"

"ሄጄ 'ለመጀመሪያ ጊዜ' ሲሉ ልጄ ይስማ? ዕድሜ ልኩን ባለዕዳ ነኝ ብሎ አንገቱን ደፍቶ የኖረ ልጅ። በየትኛው ዓይኔ አየዋለሁ?"

"ካልሄድክስ?"

"ካልሄድኩማ ሻምፒዮን እንደሆንኩ እሞታለሁ።"

"አባዬስ? መስታወት ላይ እንደተለጠፈ ይሙት?"

ወደ ግድግዳው ዞረ፣ ወገቡ ምንም ሳይለው። ቆይቶ፣ "አንቺ ንገሪልኝ እስቲ። ምላስ እንደሆነ አላጣሽም።"

ልቤ ትንሽ… ግን አይሆንም። "ፍጹም ቅጣት ምቱ ያንተ ነው አባባ። ራስህ ምታው።"

ሪሞቱን አልጋው ጫፍ ላይ ትቼለት ወጣሁ።

ግንቦት 12፣ ረቡዕ

መታው።

አባዬ ኮሪደሩ ላይ የአባባን ጫማ እየቦረሸ ነበር፣ ለእሑድ። አባባ ወገቡን ረስቶ ቀጥ ብሎ መጣና አጠገቡ ቆመ። እኔ በሩ ሥር ነኝ። (ጆሮ ጠቢ? ታሪክ መዝጋቢ ነኝ።)

"ሜዳሊያ አልነበረኝም" አለ።

ብሩሹ ቀጠለ።

"አልተጫወትኩም። ሜዳሊያም አልሰጡኝም። የሸጥኩት ነገር የለም።"

ብሩሹ ቆመ። አባዬ በቀስታ፣ "ታዲያ ትምህርት ቤቱን በምን ከፈልክ?"

"አውቶቡስ አጥቤ። ከሥራ በኋላ ጋራዥ እሄድ ነበር።"

"የማታ ሥልጠና አለብኝ ትለኝ አልነበር?"

"እልህ ነበር።"

"ለምን?"

"ጓደኞችህ የሻምፒዮን ልጅ ሲሉህ ትከሻህ ቀና ይል ነበራ! የአውቶቡስ አጣቢ ልጅ እንዲሉህ ነው?"

አባዬ ጫማውን አስቀመጠ። አንዱ ያበራል፣ አንዱ አቧራ እንደለበሰ ነው። ወደ ክፍሉ ገብቶ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋ። ቢያላጋው ይሻል ነበር።

ግንቦት 13፣ ሐሙስ

ቤታችን ሁለት የተኳረፉ የመሐል ተከላካዮች አሉት። በረኛዋ እኔ።

"አባትሽን ጨው አቀብለኝ በይው።"

"አያትሽን አጠገብህ ነው በይው።"

እንዲህ ሆኖ ዋንጫ ይበላል? አባባ ያጋነነው ነገር ካለ ይኼኛው ነው።

ግንቦት 15፣ ቅዳሜ

አባዬ ከፋርማሲው ቀደም ብሎ መጣ። አባባ ትልቁ ወንበር ላይ ነው። ፊት ለፊቱ በርጩማ ስቦ ተቀመጠና እጁን ያዘው። ገለበጠው። እንደ በሽተኛ እጅ መረመረው።

"ክረምት ክረምት የሚሰነጣጠቀው ለዚህ ነበር?"

"ሳሙናው ኃይለኛ ነበር" አለ አባባ።

"ትዝ ይለኛል። ስታቅፈኝ ሳሙና ሳሙና ትሸት ነበር። እማማ ደግሞ አባትህ ንጽሕና ይወዳል ትለኝ ነበር።"

"እሷም ተባባሪ ነበረች" አለ አባባ፣ አያቴን ነፍሷን ይማርና።

አባዬ መሳቅ ጀምሮ ሌላ ነገር ሆነበት። የሚገርመው ቀልድ አልመጣልኝም። አንድም።

"ነገ ትሄዳለህ" አለ አባዬ።

"ሰፈሩ ምን ይለኛል?"

"የፈለገውን ይበል። ሁለተኛውን ጫማ አምጣው።"

ግንቦት 16፣ እሑድ

ስታዲየሙ ሞልቷል፣ ከበዓሉ በኋላ የአሁኖቹ ስለሚጫወቱ። ሰፈራችን ጨርቁን ዘርግቶ መሐል ላይ ተቀምጧል። እኔ የጨርቁን ጥግ ይዣለሁ።

በመጀመሪያ ከአሥራ አንዱ የተረፉት ተጠሩ። ነፋስ በምርኩዝ መጣ። አሁን ሽው እንኳ አይልም። ከዚያ አስተዋዋቂው፣ ነፍሱን አይማረውና፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "አሁን ደግሞ አንድም! ደቂቃ! ያልተጫወቱ!" አለ።

አባባ ከሌላኛው ተጠባባቂ ኋላ ወጣ። አንገቱን ቀብሮ። አባዬ ሜዳሊያውን ሊያጠልቅለት አብሮት ቆሟል።

ልብስ ሰፊው ጨርቁን አየ፣ ሜዳውን አየ፣ እንደገና ጨርቁን አየ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ፀጉር ቆራጩ ወንበር ላይ ቆመ። "አንተ! ሃምሳ ዓመት ሙሉ ታዲያ ምን ስትግተን ነው የኖርከው?"

ድምፁ ሜዳው ድረስ ደረሰ። አባባ ቀና አለ። ኮፍያውን አውልቆ፣ ወደኛ ዞሮ፣ እንደ ተዋናይ ወገቡን ሰብሮ እጅ ነሣ። መጀመሪያ የሳቀው ልብስ ሰፊው ነው፤ ከዚያ ሁሉም። አባዬ እየሳቀ ሲያጠልቅለት ሪባኑ ጆሮው ላይ ተንጠለጠለ። ነፋስ ነው ምርኩዙን ጥሎ ያስተካከለለት።

ከዚያ ጨዋታው። የአሁኖቹ ሦስት ለባዶ አሸነፉ። ዓሦቹ።

ሰኔ 7፣ እሑድ

የአባባ ስም ተቀየረ። "ተጠባባቂ! እንዴት አደርክ?" ይሉታል። "ዝግጁ ነኝ!" ይላል። ከምርጥ አሥራ አንድም በድምፅ ብልጫ ተቀነሰ። አሁን አሥራ ሦስት ናቸው።

ትናንት ፋርማሲው ውስጥ ነበርኩ። አንዲት ሽማግሌ ደንበኛ "አባትህ ሜዳሊያ ሸጦ ነው አይደል ያስተማረህ?" አሉት። አባዬ መድኃኒቱን እየጠቀለለ "አይደለም እማማ፣ አውቶቡስ አጥቦ ነው" አለ። ድምፁን ዝቅ አላደረገም። እንዲያውም ወረፋ የቆመው ሁሉ ሰማ።

አባባ ደግሞ አዲስ ውድድር ጀምሯል። ሜዳሊያውን በሸሚዙ ላይ አድርጎ ቁርስ ላይ አውቶቡስ ያጥባል። በመጀመሪያው ሳምንት አራት ነበሩ። በሁለተኛው አሥር። እየተዋለዱ ነው። ዛሬ ጠዋት ሠላሳ ደረሱ።

"በአንድ ማታ?" አልኩት።

"ዝናብ ከነበረማ አርባ!"

አባዬን አየሁት፣ እንዲያስቆመው። አባዬ እንክብል ሁለት ጊዜ የሚቆጥር ሰው ነው። ሻዩን ፉት አለ፣ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

"በዚያ ላይ በረዶ ይጥል ነበር" አለ።