ሐጂ ሲገቡ

ኅዳር 3፣ ጠዋት
ፋሻ ተቀየረ። ከደረቴ የሚወጣው ቱቦ አልጋው ጎን ካለችው መሣሪያ ጋር እንደተያያዘ ነው፤ የቁስሉን ፈሳሽ እየመጠጠች ታጉረመርማለች። ከእኔና ከመሣሪያዋ ሥራ ያላት እሷ ናት። ልቤ በደንብ ተጠግኗል ይላሉ። የተበላሸው መግቢያው ነው። ለኦፕሬሽኑ የተሰነጠቀው የደረት አጥንቴ አመርቅዟል፤ የታሰረበትን ሽቦ አወጡት። ሪያድ ውስጥ ስንት ሕንፃ ያቆምኩ መሐንዲስ፣ የራሴ ደረት አልገጥም አለ።

ኅዳር 5፣ ከሰዓት
ዶ/ሩ መጣ። አንዱ ጥፋተኛ ስኳሬ ነው አለ። ሌላው፣ ሽቦው አጥንቱን መቁረጡ። በክንድህ ተደግፈህ ትነሳ ነበር ወይ? አለኝ። በጭራሽ አልኩ። ሲ/ር ሰዓዳ ሳቀች። እዚሁ ያደገች የኛ ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ውስጥ አንቱታ የለም።
«ወላሂ ትዋሻለህ፣ ጋሼ! ሽማግሌ በገባ ቁጥር ማን ነው ዘሎ የሚነሳው?»
እኔ ነኝ። ከመጀመሪያው ኦፕሬሽን በኋላ ጠያቂ በመጣ ቁጥር «ኖር» እያልኩ፣ ፍራሹን በሁለት እጄ እየገፋሁ። በተለይ ለሐጂ። አባቴ ሲሞት ያሳደጉኝ አጎቴ ናቸው፤ አሁን እዚሁ ሪያድ፣ መላዝ ሰፈር፣ ልጃቸው ቤት ይኖራሉ። እሳቸው ቆመው እኔ ልተኛ? ይህንን ለዶ/ሩ በእንግሊዝኛ አስረዳሁት። ረጅም ነገር ጻፈ። የአእምሮ ሐኪም እንዳይልክብኝ።

ኅዳር 9
ቁስሉ ጠርቷል። ነገ ይዘጉታል፤ የደረቴን ጡንቻ ስበው ክፍተቱን ያለብሱታል። ይሄኛው ከተከፈተ ብዙ ምርጫ የለንም አለ ዶ/ሩ። ከሥሩ ልብህ ነው ያለው አለ። የማላውቅ ይመስል። ፈራሁ። ሾርባ ጠጣሁ። አሁንም ፈርቻለሁ።

ኅዳር 14፣ ጠዋት
ተዘጋ። ያማል። ሳል ሲመጣ ትራስ ደረቴ ላይ አጥብቄ አቅፋለሁ። በክንድ መግፋት፣ መጎተት ክልክል። ሰዓዳ ሁለቱንም እጄን ይዛ፣ «እነዚህ ለዱዓ ብቻ ናቸው፣ ኸላስ!»
ሐጂ ነገ እመጣለሁ ብለዋል። ቀድሜ ላስረዳቸው ደወልኩ። ሲገቡ አልነሳልዎትም ተብሎ በስልክ ይነገራል? ስለ አየሩ አወራን። ሪያድ። ኅዳር። ፀሐይ። ቶሎ አለቀ።

ኅዳር 15፣ ከሰዓት
ሰዓዳ በሩ ላይ ጠብቄ ልንገርልህ አለች። እምቢ አልኩ፤ ከእኔ አፍ ይስሙት።
ወስኛለሁ። አልነሳም። ቢቀየሙኝም፣ የሚቀየሙት ሰው በሕይወት ይኖራል።
የከዘራቸው ድምፅ ኮሪደሩ ላይ ነው። እግሬ ማንም ሳያዘው ከብርድ ልብሱ ወጣ። መለስኩት። እንደገና ወጣ።
ብዕሩን ላስቀምጥ። ትራሱ ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ ፍራሹን የሚገፋ እጅ አይተርፍም።