ወልዴ የማን ልጅ ነው?

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 4፣ 2008

እማዬ ምሳዋንም እራቷንም አልበላችም። መኝታ ቤቱን ዘግታ ተኝታለች፣ እኔ ሶፋው ላይ ነኝ። ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ለኩርፊያ አይመችም። ውሃ ልትጠጣ ስትወጣ እንኳ ግድግዳውን ታያለች እንጂ እኔን አታይም።

ጉዱ የመጣው ትናንት ነው። የእጮኛዬ የመስፍን አክስት እትዬ በላይነሽ እማዬን ሊተዋወቁ ከሴይንት ፖል መጡ። መስፍንን ከሕፃንነቱ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እሳቸውን ሳያማክር ጫማ እንኳ አይገዛም። ጨዋታው ደርቶ አገር ተጠያየቁ። አንድ ወረዳ! ተነስተው እንደገና ተሳሳሙ። ምናለ እዚያ ላይ ቢያበቃ።

እትዬ በላይነሽ፣ "እኛ የፊታውራሪ አጥላባቸው ዘሮች ነን፣ በፈረስ ስማቸው አባ መንጥር የሚባሉት" አሉ።

እማዬ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። "እኛም የአባ መንጥር ቤት ነን።"

በጣት ይቆጠር ጀመር። እማዬ ይህን ቆጠራ ከራሷ ስም ጀምራ እንደ አቡነ ዘበሰማያት ነው የምትለው፦ "አልማዝ ገብሬ፣ ገብሬ ተሰማ፣ ተሰማ ወልዴ፣ ወልዴ አባ መንጥር።" ከእኔ ሲጀመር አምስተኛ ቤት። መስፍንም አምስተኛ ሆኖ አረፈው። ሰባት ቤት ካልሞላ ጋብቻ የለም። ዕድሜዬን ሙሉ "መቼ ነው የምታገቢው?" ስትለኝ የኖረች ሴት "ወንድምሽ ነው" ብላ ተነሳች።

ቅዳሜ ሽማግሌ ሊመጣ ነበር። ሰርጉ ጾም ሳይገባ ነው። አዳራሹ ተይዟል፣ ቀሚሱ ተሰፍቷል። እሱ ሁሉ ይቅር። መስፍንን እወደዋለሁ። ይኸው ጻፍኩት።

ማክሰኞ

ሮቢንስዴል፣ ሆስፒታል። ቀኑን ሙሉ የሰው ደም ስቀዳ ዋልኩ። ለሥራ ባልደረባዬ ነገሩን ነገርኳት። "አምስት ትውልድ? እኔ የአጎቴን ልጆች እንኳ አላውቃቸውም" አለች። ቀናሁባት።

መስፍን ደወለ። መኪና ይጠግናልና ችግር ሁሉ ፈትተው ሲያዩት የሚለቅ ይመስለዋል። "እኚህ ሰውዬ የጦር ሹም ናቸው አይደል? የዘመቱበት፣ የተሾሙበት፣ የተሰጣቸው መሬት የሆነ ቦታ መጻፍ አለበት" አለ። የዚያን ጊዜ ደግሞ የሚጻፈው ማንም እንዳይፍቀው በደብሩ ወንጌል ባዶ ገጾች ላይ ነበር። ሰው ጠይቆ ጠይቆ የአገራችን ጊዮርጊስ ወንጌል ድሮ በፊልም መነሳቱን ደርሶበታል። ፊልሙ የት ነው? እዚሁ ሚኒሶታ! ከከተማ ወጣ ያለ አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ። ሳቅ አፈነኝ። የቅድመ አያቶቻችን ጉዳይ ቀድሞን መጥቶ በረዶ ውስጥ ይጠብቀን ኖሯል።

ምን ቢገኝ ደስ ይለኛል?
– ሌላ አባ መንጥር።
– የተዘለለ ቤት። ሁለት ቢሆን ደግሞ እሰየው።
– ፊልሙ ተቃጥሎ ቢገኝስ? አይ፣ እሱ አይጠቅመኝም።

ረቡዕ

እማዬ ተናገረች። "እኔን ቅበሪና አግቢው" አለች። ከዝምታው ይሻላል።

ሾርባ ሰጥቻት ስለ አባ መንጥር ጠየቅኳት። ይህ ወሬ ሲነሳ ኩርፊያዋን ትረሳለች። አባቷ ሰርግ ላይ ሁለት ብርሌ ከቀመሰ በኋላ ዱላውን ይዞ መሀል ይገባና፣ "ዘራፍ! ያባ መንጥር..." ይል ነበር።

"ያባ መንጥር ምን?" አልኳት።

"ልጅ ነዋ! ሌላ ምን ይሆናል?" ብላ ሳህኑን አስረከበችኝ።

የውጭው ብርድ ምራቅ ያደርቃል። መኪናዬ አልነሳ ብላ ጎረቤት አስነሳልኝ። እማዬ በረዶው ከጀመረ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አልሄደችም። በመስኮት የሰፈራችንን የኮሎምቢያ ሃይትስን ፓርኪንግ ስታይ ትውላለች። እኔን ሰባት ቤት አስሮኛል፣ እሷን አንድ መኝታ ቤት። ማን ማንን እንደሚጠብቅ አላውቅም።

ሐሙስ

ኦፍ ነበርኩ። መስፍን ድራይቭ አደረገ። መንገዱ መስታወት ነው፣ ስንሄድ ብዙም አላወራንም። ከእንግዲህ "ወንድሜ" ልለው ነው እያልኩ እጁን መያዝም ተሳቀቅሁ።

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ፊልሙን እየጠቀለሉ የሚያነቡበት ማሽን አለ። ጽሕፈቱ ግማሹ ግእዝ፣ ግማሹ አማርኛ ነው። ዓይኔ እስኪቀላ አነበብኩ። መስፍን ነው ያገኘው። ፊታውራሪ አጥላባቸው፣ በፈረስ ስሙ አባ መንጥር። የዘመተበት፣ የቆሰለበት፣ የተሰጠው መሬት። ከሥር የልጆቹ ስም ተደርድሯል። ወልዴ የለም። ደጋግሜ ቆጠርኩ፣ የለም።

ወልዴ ያለው ዝቅ ብሎ ነው። "ለጋሻ ጃግሬው ለወልዴ፣ ግማሽ ጋሻ መሬት።"

ጋሻ ጃግሬ! የጌታውን ጋሻ ተሸክሞ ከኋላ የሚሮጠው! ወልዴ አባ መንጥር ማለት ወልዴ የአባ መንጥር ሰው ማለት ኖሯል። እኛ ጌታውን አባት አድርገን ስንቆጥር ኖርን። "የአባ መንጥር ቤት ነን" ያለችው እማዬም እውነቷን ነው፣ ቤቱ ውስጥ ነበርን።

ማሽኑ ፊት መስፍን አቅፎኝ አለቀስኩ። ዘመድ አይደለንም! ስንመለስ እጁን ይዤ መጣሁ።

ዓርብ

ደስታዬ አላደረም። መስፍን ትናንት ማታውኑ ለአክስቱ ደውሎ አበሰራቸው። እሳቸው ምን አሉ? "ለካ አሽከሮቻችን ነበሩ!" ይህን ሲነግረኝ እየሳቀ ጀመረ፣ መጨረሻ ላይ ሳቁ ጠፋ። ነገ ሽማግሌዎቹን ተከትለው እንደሚመጡና "ሳልናገር አልቀርም" እንዳሉም ነገረኝ።

"አንተስ?" አልኩት።

"እኔማ አገባሻለሁ። ግን አክስቴን አስከፍቼ..." ቀሪውን አልጨረሰም። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

ይኸው ነው። ዘመድ ከሆንን አንጋባም፣ ዘመድ ካልሆንን አልመጥንም። በየት በኩል ልውጣ?

ከፊልሙ ያሳተምነውን ወረቀት ለእማዬ አሳየኋት። ሌላ ሰው እንዲነግራት አልፈለግሁም። መነጽሯን አድርጋ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። "ወልዴ" የሚለው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

"እነሱ አይተውታል?"

"አዎ።"

በሩን ዘጋች። አገር ቤት ጎረቤቱ ሁሉ "የፊታውራሪ ልጅ" ነው የሚላት። ሀብትም ባልም ባልነበራት ጊዜ ይህ ስም ነበራት። እኔ ለባል ብዬ ወሰድኩባት። ጠላሁት ራሴን።

ቅዳሜ

ልጻፈው።

በመስፍን በኩል ዋናው ሽማግሌ ጋሽ ታደሰ ሌሎች ሁለት አስከትለው መጡ። ጫማቸው ላይ በረዶ እንዳለ፣ ደንቡ ነውና በር ላይ ቆሙ። እትዬ በላይነሽ ግን ቀጥ ብለው ገብተው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። እማዬ መኝታ ቤት ናት። "ቁጭ በሉ" ማለት የእማዬ ፋንታ ነው፣ ወጥ ቤት ቆሜ ጠረጴዛውን ያዝኩ።

ጋሽ ታደሰ ገና ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እትዬ በላይነሽ ቀደሙ። "ዝምድናውስ ቀርቷል፣ ተመስገን። ግን የሰው ልጅ ደረጃም አለው። ላሽከሮቻችን ዘር..."

በሩ ተከፈተ። እማዬ ነጩን ቀሚሷን ለብሳለች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃለች። የበረዶ መጥረጊያዬን ከግድግዳው አነሳች። ልትመታቸው ነው ብዬ ክው አልኩ። መሀል ገብታ በእንጨቱ ወለሉን መታች።

"ዘራፍ! ያባ መንጥር አሽከር!"

ደግማ መታች። "ዘራፍ! ያባ መንጥር አሽከር!"

ድምፅዋ የሷ አይመስልም። የአባቷ ነው መሰለኝ። ከዚያ ትንፋሿን ሰብስባ ወደ ሶፋው ዞረች።

"አዎ፣ አሽከሩ ነን። አባቴ ይህንን የፎከረው አፍሮ አይደለም። አሁን ይነሡ እስቲ እትዬ። ልጅ ሊለምኑ መጥተው ሳይፈቀድልዎ መቀመጥ የማን ጨዋነት ነው?"

እትዬ በላይነሽ ጋሽ ታደሰን አዩ። ጋሽ ታደሰ ጣሪያውን አዩ። እትዬ በላይነሽ ተነሡ! ሄደው ከሽማግሌዎቹ ጎን ቆሙ። እማዬ እንደቆሙ አቆየቻቸው። እኔ ነኝ የጨነቀኝ። መጨረሻ ላይ፣ "ምን ልትሉ ነው የመጣችሁ?" አለች።

ጋሽ ታደሰ፣ "ልጅዎን ለልጃችን ልንለምን" አሉ። እማዬ ወደ እትዬ በላይነሽ ብቻ ነበር የምታየው።

"ልንለምን" አሉ እትዬ በላይነሽም፣ በቀጭን ድምፅ።

"ቁጭ በሉ።"

እሁድ

ሰርጉ በቀኑ ነው። መስፍን ደውሎ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅር ብዬዋለሁ፣ ያቺን ያልጨረሳትን ዓረፍተ ነገር ግን አልረሳኋትም። አንድ ቀን ይጨርሳታል።

እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ሻይ ወስጄላት፣ "ድሮም ታውቂ ነበር?" አልኳት።

"አባቴ ሲፎክር ሰምቻለሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ አሽከር ማለት አሳፈረኝና ልጅ በሚል ቀየርኩት። ከዚያ ለመድኩት።"

በጣቷ መቁጠር ጀመረች። "አልማዝ ገብሬ። ገብሬ ተሰማ። ተሰማ ወልዴ። ወልዴ..." ጣቷ በአየር ላይ ቀረ። ሌላ ጣት ልታጥፍ ፈለገች፣ ስም አጣች።

"ወልዴ የማን ልጅ ነው?" አለችኝ።

አላውቅም አልኳት። ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ አጠገቧ ተቀመጥኩ።