ሱንዱስ የምትወስደው የአልጋ ልብስ

ታኅሣሥ 18
ጠዋት የሁለት ተማሪዎች ዩኒፎርም አሳጠርሁ። ከሰዓት አንድ ዚፕ ቀየርሁ። ከዚያ ወደ ራሴ ሥራ… ለልጄ ለሱንዱስ ሰርግ የምሰፋው የአልጋ ልብስ። ከሃያ ዓመት ስፌት የተረፈ ቁርጥራጭ፤ ከፋዩ፣ ሐሩ፣ አቡጀዲው። አርባ ዘጠኝ ካሬ። የመጨረሻውን ረድፍ ዛሬ ገጠምሁ።

ታኅሣሥ 20
ለሱንዱስ አሳየሁ። ጫፉን ገለጥ አድርጋ አየችው።
"እማ፣ ቆንጆ ነው… ግን የወረታ ሰዎች ድሪቶ ይዛ መጣች እንዳይሉኝ።"
ድሪቶ?
"አንድ ብርድ ልብስ ገዝተን ብንወስድስ?"
እሺ አልኋት። ወረታ ያለው የአማቾቿ ቤት የነጋዴ ቤት ነው፤ ሱቃቸው ሙሉ አዲስ ጨርቅ። ከዚያ በኋላ እጄ መቀስ አልያዘም።

ታኅሣሥ 22
ተናድጄ መሬት ላይ ዘረጋሁት። እውነት ለመናገር… ልጄ ውሸቷን አይደለም። ካሬው አንድ በአንድ ሲታይ ያምራል። አንድ ላይ ሲሆን ይጯጯሃል። ለምን?

ታኅሣሥ 23
ጎረቤቴ እሌኒ ከፋብሪካ ስትመለስ ገባች። ሥራዋ ጨርቅ መፈተሽ ነው። ወንበር ላይ ወጥታ የተዘረጋውን በስልኳ ፎቶ አነሳችው፤ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አደረገችው።
"እትዬ ዘይነት፣ ቀለሙን ይርሱት። የጠቆረውንና የነጣውን ብቻ ይዩ።"
አየሁ! የጠቆረው ሁሉ አንድ ጥግ ተከማችቷል። ልብሱ ወደ አንድ ጎን ያዘመመ ይመስላል። ሃያ ዓመት ስሰፋ ይህን እንዴት አላየሁም?
"ታዲያ ምን ይሻላል?"
"መተርተር ነዋ!"
ሳቅን።

ታኅሣሥ 25
ተረተርሁ። ቀኑን ሙሉ።

ታኅሣሥ 27
ደረደርሁ፣ አነሳሁ፣ እንደገና ደረደርሁ። የጠቆረውን ዳር ዳሩን አዞርሁት፤ ፈዘዝ ያለውን ወደ መሐል። አበባ ከአበባ ጋር እንዳይጋጠም ከዚያው ካሬ ልሙጥ ልሙጡን በየመካከሉ አስገባሁ። አንድ ቀይ ከፋይ ብቻ አስቸገረኝ… የትም ባደርገው ዓይን ይስባል። በመጨረሻ መሐሉን ሰጠሁት። ጫጫታው ቆመ። ከሰፈራችን ሐይቅ የሚነሳው ነፋስ በበር ገብቶ ሊበትንብኝ ሲል ሮጬ በሩን ዘጋሁ። በሩን ተደግፌ ብዙ አየሁት። እንዴት ያምራል!

ጥር 4
ጨረስሁ። ሱንዱስን ጠራኋት። "ካልወሰድሽው እኔ እለብሰዋለሁ" አልኋት። ዞረችው። ተንበርክካ ዳበሰችው።
"ያው ጨርቅ ነው?"
"ያው ነው። ቦታውን ብቻ ነው የቀየርሁት።"
አላመነችኝም። ስፌቱን ገልብጣ አየች። ከዚያ ራሷ አጣጥፋ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችው።

ጥር 23
ሰርጉ ካለፈ ወዲህ ዛሬ ገና ልጠይቃት ወረታ ሄድሁ። ሙሽራ ሊጠይቁ በመጡ ጎረቤቶች ቤቱ ሴት በሴት ሆኗል። አልጋዋ ላይ የተነጠፈው የእኔ! የባሏ አያት ጠርዙን ይዘው ቆመዋል።
"ይህን ማን ሠራው?" አሉ።
ልመልስ አፌን ስከፍት ሱንዱስ ቀደመችኝ።
"እናቴ ናት! ከቁርጥራጭ ጨርቅ፣ በእጇ።"
ጮክ ብላ… ሴቶቹ ሁሉ እንዲሰሙ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ሰው ሲያየኝ አንገቴን መድፋት ልማዴ ነበር።
ዛሬ አልደፋሁም።