ለቀብር ብቻ አትጥሩን

ካዛንቺስ፣ አዲስ አበባ
መጋቢት 20 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለአፍራህ፣

የእናትሽ የአዚዛ ሰላምታ ካለሽበት ይድረስሽ። አላህ በሚያውቀው ቦታ፣ እሱ በሚወደው ጤና ያቆይሽ። እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። የአባትሽ ሳል ሻል ብሎታል። ሳዳም የፊት ጥርሶቹ ወልቀው ስምሽን መጥራት አቅቶታል፤ «አፕራህ» ይልሻል። ክረምቱ ሳይመጣ ጣራውን እናስጠግናለን እያልን እስካሁን አላስጠገንም።

ይህን ደብዳቤ በላክንልሽ ቀሚስ ጠርዝ ውስጥ የሰፋው አባትሽ ነው። ጀሚላ፣ የነሐዋ ልጅ፣ ሰኞ ወደ ቤይሩት ትበራለች። እናቷ እግሯ ላይ ወድቃ ብትለምናትም አልቀረችም። ፈልጋ ትሰጥሻለች። አንቺ በሰጠሽን የፖስታ ሳጥን ቁጥር የላክናቸው ሁለቱ ደብዳቤዎች መድረሳቸውን አላወቅንም፤ ማን ከፍቶ እንደሚያነብብሽም አናውቅም። አንብበሽ ስትጨርሺ ቅደጂው።

ከረመዳን በፊት በትርሓስ ስልክ የደወልሽ ቀን፣ «እማ ደህና ነኝ» ካልሽኝ በኋላ አንዲት ሴት ስትጮህ ሰማሁ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ጾሙ ገባ፣ ወጣ። ለዒድ ትደውላለች አልን። ሠርግም ለቅሶም ብሄድ ልቤ የትርሓስ ስልክ ዘንድ ነው። አጥሩን ባንኳኳች ቁጥር የያዝኩትን ጥዬ እሮጣለሁ፤ ወንፊት ልትዋስ ሆኖ አገኛታለሁ።

የምጽፍልሽ ከሌላ ሰው አፍ ሳትሰሚ ከእኔ እንድትሰሚ ብዬ ነው። እዚህ በመንግሥት ስብሰባ ላይ ስምሽ ተጠርቷል። ማን እንደጠራው፣ ለምን እንደጠራው ልንገርሽ። ምናልባት እዚያ የምትሠሪላቸው ሰዎች ሰምተው ተቆጥተውብሽ ይሆናል። ያ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከትርሓስ ልጅ ከሉሊ ነው። ቀደም ብለሽ ደውለሽ ስለ ሉሊ በጠየቅሽኝ ጊዜ ሌላ ወሬ ያነሳሁብሽ በሰው አገር ብቻሽን እንዳታለቅሺ ነበር። ሉሊ በኅዳር ከዐረብ አገር በሳጥን መጣች፣ ልጄ። አብሯት የመጣው ወረቀት ራሷን ከፎቅ ጣለች ይላል። እንደምታውቂው ክርስቲያኖቹ ዘንድ ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት የለም። ለቀስተኛው ግቢው ውስጥ ቆሞ ይንሾካሾካል፤ ትርሓስ ደግሞ ሳጥኑን አቅፋ «እንደ ውሻ ልትቀብሯት ነው?» ትላለች። የቂርቆሱ ቄስ ፀሃዬ መጡ። ወረቀቱን ተቀብለው ቆመው አነበቡት። ከዚያ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«ይህን የጻፈው ሰው ሉሊን አያውቃትም» አሉ። «ያጠመቅኳት እኔ ነኝ። ፍትሐት ይደረግላታል።»

ተደረገላት። እኛም ከመስጊድ ሰፈር ያለን ሴቶች እስከ መቃብሩ በር ሸኘናት። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ቄስ ፀሃዬ ዝም ብለው መቀመጥ አልቻሉም።

የትርሓስን የእህት ልጅ መድኃኒትን ታስታውሻለሽ አይደል? ያቺ እንደ ታክሲ ረዳት ቶሎ ቶሎ የምታወራዋ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ካዛንቺስ ፋርማሲው ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ይዘው ከሚሠሩ ሰዎች ጋር ሥራ ይዛለች። ሕግ በሚመከርበት ቦታ የእምነት ሰዎችም ቃል እንዲሰማ ማድረግ ነው ሥራቸው። እኔ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር።

«ማለቴ እትዬ አዚዛ፣» አለችኝ፣ «ሕግ ሲረቀቅ ነጋዴው ይጠየቃል፣ ምሁሩ ይጠየቃል። የመስጊዳችሁ እነ ሼህ እንድሪስ፣ እነ ቄስ ፀሃዬ ግን በቃ፣ ስብሰባው ሲከፈት መርቀው ይሄዳሉ። ሰው የሚያለቅሰው እነሱ ዘንድ ነው። የሰሙትን ለምን አይናገሩም?»

ሰዎችን ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ስለሚልኩ ደላሎች ሕግ እየተረቀቀ ነበር። መድኃኒት ደብዳቤ ይዛ ቢሮ ለቢሮ ተንከራተተች። አንዱ ዘንድ «ይህ የሃይማኖት ጉዳይ አይደለም» አሏት፣ ሌላው ዘንድ ደብዳቤው ጠፋ። በመጨረሻ እሷና አባቶቹ ወደ ምክክሩ ግቡ ተባሉ። የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ የሚልክ ሰው የላካትን ልጅ አድራሻ ያስመዝግብ፣ ድምጿ ሲጠፋ ይጠየቅ። ይህን ደግሞ ከአባቶቹ ሌላ አንዲት እናት ተነስታ መናገር አለባት አሉ። ትርሓስ ከለቅሶው ወዲህ ድምጿ ተዘግቷል፤ ሹክ ከማለት በላይ አይወጣላትም። እጄን ይዛ «አንቺ ተናገሪልኝ፣ ሓፍተይ» አለችኝ። እህቴ ብላኝ እምቢ እንዴት ይባላል? እሺ አልኩ።

እሺ ባልኩ በማግስቱ ሚልዮን መጣ። አዎ፣ አንቺን የላከሽ ደላላው ሚልዮን። ቢሮው ቡልጋሪያ ሰፈር ሆኖ ሳለ፣ ስንት ልብስ ሰፊ አልፎ አባትሽ በረንዳ ላይ የኮት እጅጌ ሊያሳጥር መጣ። እኔ ከውስጥ ሆኜ በመጋረጃው እሰማለሁ።

«ጋሼ ዓብዱልዋሂድ፣» ይላል በለሰለሰ አፉ፣ «አፍራህ እኮ እንደ እህቴ ናት። እዚያ ያሉት ሰዎች ግን ስማቸው በስብሰባ ሲነሳ ይከፋቸዋል። ልጅቷን ስልክ ወደሌለበት ቤት ቢያዛውሯትስ? እኔ ምን አቅም አለኝ? ለእሷ ብዬ ነው።»

አባትሽ እግሩን ከሲንጀሩ ላይ አላነሳም። ሰውዬው ከሄደ በኋላ ወጥቼ ሳይ ክሩ ከመርፌው ወጥቷል፤ ባዶውን ነበር ሲሰፋ የነበረው።

«አትሄጂም» አለኝ።

«ለትርሓስ ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ልጄን በአፍሽ ልትገድያት ነው?» አለ። በኖርንበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ሳዳም ፈርቶ ጠረጴዛ ሥር ገባ።

እኔም ፈርቻለሁ፣ አፍሪዬ። ግን ሄድኩ። የትርሓስን እጅ ይዤ፣ ሼህ እንድሪስና ቄስ ፀሃዬ ከፊት፣ መድኃኒት ፋይሏን ደረቷ ላይ አቅፋ። አዳራሹ ትልቅ ነው፤ ከረባት ያሰረ ሰው ሞልቶታል። ሰብሳቢው ወጣት ነው፣ ክፉ ሰው አይመስልም። አባቶቹ ከመረቁ በኋላ እንዲህ አለ፦

«የተከበራችሁ አባቶች፣ ስለ ምርቃታችሁ እናመሰግናለን። ሃይማኖትና መንግሥት የተለያዩ እንደመሆናቸው፣ አሁን ወደ ባለሙያዎቹ እንለፍ።»

ሼህ እንድሪስ አልተቀመጡም። ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ልጄ፣» አሉት፣ «እኛ መንግሥት ልንሆን አልመጣንም። ሳጥኑ ቦሌ ሲደርስ ለማን ነው የሚደወለው? ለእኛ ነው። እናትየዋን የምናረዳት እኛ ነን። የምንገንዘው፣ የምንሰግድበት፣ አፈር የምናለብሰው እኛ ነን። እኔና ቄስ ፀሃዬ በሃይማኖት አንገናኝም፤ በመቃብር መንገድ ላይ ግን ዘንድሮ ብዙ ጊዜ ተገናኘን። ለቀብር ብቻ አትጥሩን። ልጆቹ በሕይወት እያሉም ጥሩን።»

ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። «ይቀጥሉ» አለ። ሼሁ ወደ እኔ አመለከቱ።

ተነሳሁ። የሉሊን ነገር ጀመርኩ። ጎበዝ ነበርኩ ወላሂ፣ መጀመሪያ ላይ። መሀል ላይ ዓይኔ ወደ ኋላ ሄደ። ሚልዮን የኋለኛው ወንበር ላይ ተቀምጧል። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ እንደ ጨዋ ልጅ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። የጀመርኩትን ቆረጥኩት።

ሰብሳቢው «እርስዎስ፣ እናቴ? እርስዎም ውጭ የላኩት ልጅ አለዎት?» አለኝ።

«የለኝም» አልኩ።

«ሴት ልጅ የለዎትም?»

«አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ነው ያለኝ።»

እንዲህ አልኩ፣ ልጄ። ዘጠኝ ወር የተሸከመሽ ሆዴ እያለ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የለችኝም አልኩ። ትርሓስ እጄን ጨበጠችው። ስንወጣ በሩ ላይ ሚልዮን «እትዬ፣ አስተዋይ ነዎት» አለኝ። ቀጥ ብዬ ቤት ገባሁ።

አባትሽ መቀሱን ይዞ ቆሞ ነበር። «ምን አልሽ?» አለ።

«አትፍራ፣ ስሟን አላነሳሁም። ሴት ልጅ የለኝም አልኩ።»

የሚደሰት መስሎኝ ነበር። መቀሱን አስቀመጠና በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። በኋላ «ከሌለችን ለማን ብለን ነው እንግዲህ የምንፈራው?» አለ።

ስብሰባው በሁለተኛው ሳምንት እንደገና ተጠራ። የዚያን ቀን አባትሽ የዒድ ኮቱን ለብሶ በረንዳውን ዘጋ። ወዴት ነው አላልኩትም። መንገዱን ሙሉ እያሳለ ከሼህ እንድሪስ ኋላ ሄደ። አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ቀበሌ ለመታወቂያ ሲጠራ እንኳ ላብ የሚያጠምቀው ሰው ነው። አዳራሹ ውስጥ ከጎኔ ተቀምጦ የኮቱን ቁልፍ ይፈታል፣ ይቆልፋል። ሚልዮን በዚህኛው ቀን ፊት ለፊት ነበር የተቀመጠው፣ ከሌሎች ላኪዎች ጋር።

ለእምነት ሰዎች ዕድል ሲሰጥ ቄስ ፀሃዬ «የእኛን ተራ ለእኚህ አባት ሰጥተናል» አሉ።

አባትሽ ተነሳ። «ዓብዱልዋሂድ እባላለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ» አለ። ሳሉ ያዘው፤ ሁሉም ጠበቀው። «ባለፈው እዚህ የተናገረችው ባለቤቴ ናት። ሴት ልጅ የለኝም ያለችው ፈርታ ነው። እኔም ፈርቻለሁ፣ አሁንም እየፈራሁ ነው። ልጅ አለችን። አፍራህ ትባላለች። ቤይሩት ናት። ከረመዳን በፊት ጀምሮ ድምጿን አልሰማንም። የላካት ይህ ሰው ነው፤ ቤቷ የት እንደሆነ ንገረን ስንለው ስለ እሷ አትናገሩ ይለናል።»

ሚልዮን ብድግ ብሎ «ውሸት ነው! ስሜን ለማጥፋት ነው!» ብሎ ጮኸ። ሰብሳቢው «ይቀመጡ» አለው። ይህን ጊዜ ትርሓስ ያን የተዘጋ ድምጿን ይዛ ተነሳች። ከጎኗ ያለነው ብቻ ነን የሰማናት፤ «ሉሊንም የላካት እሱ ነው» አለች። መድኃኒት ጮክ ብላ ደገመችላት። አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል፣ ያቺ ለፍላፊ ልጅ።

ሰብሳቢው ሁሉንም አስጻፈ። ስለ አድራሻው የተባለው ረቂቁ ውስጥ እንዲገባ እንደሚያቀርብ፣ አባቶቹም እስከ መጨረሻው በምክክሩ እንዲቀመጡ ተናገረ። መድኃኒት ትልቅ ነገር ነው ትላለች። ይሆናል። ሕጉ እስኪወጣ ግን ጊዜ ይፈጃል፤ አንቺ ደግሞ ዛሬ ነሽ የምታሳስቢኝ።

ከዚያ ወዲህ የሚልዮን ቢሮ ተዘግቷል። አንዳንዱ ተይዟል ይላል፣ ሌላው ሰንጋ ተራ አየሁት ይላል። ፖሊስ አድራሻሽን ከእሱ እንቀበላለን ብሎናል፤ እስካሁን አላመጣም። ማታ ማታ ውሻ ሲጮህ አባትሽ ተነስቶ መቀርቀሪያውን ይነካካል። ሳዳምን ብቻውን ሱቅ አልክም። ሰው ስለ አንቺ ሲያወራ «ደግ ልጅ ነበረች» ሲል አባትሽ ሥራውን ያቆምና «ናት» ይላል። «ናት በሉ።» ሰዉም እየተሳቀቀ ናት ይላል።

አሁን ምክሬን ስሚኝ። ቤት ቀይረውብሽ ከሆነ፣ ከበሩ የምትወጪበት ቀን ካገኘሽ፣ በቅርብ ያገኘሽው መስጊድ ግቢ። ሼህ እንድሪስ እዚያ ላሉ የሚያውቋቸው ኢማም ስለ አንቺ ጽፈዋል። መስጊድ ካጣሽ ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን ግቢ፤ ቄስ ፀሃዬም የኛን ሰዎች ለሚረዱ መነኮሳት ስምሽን ልከዋል። የኢትዮጵያ ልጅ ነኝ፣ አባቴ እየፈለገኝ ነው በያቸው። ልብሴን ልያዝ፣ ሻንጣዬን ልያዝ እንዳትዪ። ባዶ እጅሽን ነይ። ማንም ምንም አይልሽም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ከስብሰባው ወዲህ በትርሓስ ስልክ የሚደውል ሰው አለ። አይናገርም። ይተነፍስና ይዘጋል። መድኃኒት የሚልዮን ሰዎች ሊያስፈራሩን ነው፣ አታንሱት ትላለች። ትርሓስ ግን ታነሳዋለች፤ ጠርታ ለእኔም ትሰጠኛለች። እኔ ፈርቼ፣ ጆሮዬን ለጥፌ፣ «አፍራህ? እማ ነኝ» እላለሁ። ይዘጋል። አንቺ ከሆንሽ፣ ማውራት ካልቻልሽ፣ አትጨነቂ። ደውዪ ብቻ። ዝም ብለሽ ተንፍሺ፤ እኔ ዝም ብዬ እሰማሻለሁ።

በክፉ ዓይን ከሚያይሽ፣ እጅ ከሚነሳብሽ አላህ ይጋርድሽ። ከፎቅም ከመንገድም ይጠብቅሽ። የቤታችንን በር በራስሽ እጅ አንኳኩተሽ የምትገቢበትን ቀን ያሳየን። አሚን።

ያለሽኝ ሴት ልጄ፣ የምጠብቅሽ
እናትሽ አዚዛ