በገዛ እጄ ያነበብኩት መርዶ

ለእትዬ በየነች፣ ለእናቴ ልጅ፤

በመላው ቴፒ እንደ እኔ ያለ ጸሐፊ የለም። ይህን ደብዳቤ ማንም ሳያግዘኝ፣ በገዛ እጄ፣ አንዴ ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። እሺ፣ አንዴ ቁጭ ብዬ አይደለም፤ ወገቤ ከሩብ ሰዓት በላይ ስለማያስቀምጠኝ አራት ቀን ፈጅቶብኛል። በመላው ቴፒም ላይሆን ይችላል። ከማታው የመሠረተ ትምህርት ክፍላችን ግን፣ ከኋላ ወንበር ከምንቀመጠው ውስጥ፣ የሚስተካከለኝ የለም።

እንደምን ከርመሻል? እናታችንስ ጉልበቷ ይታዘዝላታል? ዓይኗስ? ባለቤትሽን ጋሼ ታፈሰን ሳሉ ለቀቃቸው? ልጅሽ ማናልሞሽ ቁመቷ አንቺን ሳይደርስ አይቀርም። ለእርሻ የሚሆን ዘነበላችሁ? እኔ «ለጤናዬ ደህና ነኝ» ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩት። ስርዙን እንዳታዪብኝ።

«አባቱ ሞቶ አንዲት ቃል አልላከም፤ ባዘዘው ልቡ ደነደነ ወይ?» ብለሽ በሰው የላክሽብኝ ደርሶኛል። ደብዳቤሽም አልጠፋም፤ በጥቅምት በእጄ ገብቷል። ሰባት ወር ሙሉ ለምን እንዳልመለስኩ ልንገርሽ፤ ፍርዱን ከዚያ በኋላ ስጪ።

መስከረም ላይ የቡናውን ጥላ ዛፍ ስመለምል ወደቅሁ። ለሰው ስናገር ዛፉ በየሳምንቱ እያደገ አሁን የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት አልፏል፤ ላንቺ ግን እውነቱን፣ የሁለት ሰው ቁመት ቢሆን ነው። በወገቤ አረፍኩ። በምሠራበት የቡና እርሻ መኪና ጅማ ወስደው ራጅ አነሱኝ። አጥንት አልተሰበረም፣ በአርባ ቀን ይሽራል አሉ። እውነትም እየተሻለኝ ነበር። በወሩ በዱላ እየተደገፍኩ እስከ አባቦራ ሱቅ መሄድ ጀመርኩ። አባቦራ ከጅማ የመጡ ሽማግሌ ጎረቤታችን ናቸው፤ ድሮ ደብዳቤዬን ሁሉ የሚያነቡልኝ እሳቸው ነበሩ።

ያንቺ ደብዳቤ እዚያው ሱቁ ደጃፍ ደረሰኝ። ስድስት ሰባት ሰው ቆሟል። አባቦራ «አምጣ ላንብብልህ» ብለው መነጽራቸውን ሲፈልጉ፣ «መነጽርዎን ለባለቤትዎ ይስጧቸው፤ እኔ ምስክር ወረቀት ያለኝ ሰው ነኝ» ብዬ ፖስታውን ቀደድኩት። ከላይ ምን ብለሽ እንዳስጻፍሽ ታስታውሻለሽ? «ይህን የምታነብለት ሰው፣ አደራህን፣ አንዲት ቃል ሳትነግረው አስቀድመህ ጎረቤቶቹን ሰብስብ።» የሚያነበው እኔው ነበርኩ። ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ፊደሉን አንድ በአንድ ለቀምኩት። ቀጥዬም አነበብኩ። የቆምኩበት ስፍራ ላይ እስከ መጨረሻው አነበብኩ።

አባቦራ «ምን ይላል?» አሉኝ። «በሬያችን ወልዷል ይላል» አልኳቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ቤቴ ገባሁ። ለዓለምሸትም ያንኑ ነገርኳት፤ ባለቤቴ ቀልዴን ስለለመደችው ምንም አላለችኝ። እትዬ፣ ምንም አልተሰማኝም። አሁን ይሰማኛል፣ አሁን ይሰማኛል እያልኩ ጠበቅሁ። የመጣው የወገቤ ሕመም ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ ተኛሁ። ሕመሙ ከወገቤ ወደ ዳሌዬ፣ ከዳሌዬ ወደ እግሬ ወረደ። ዓለምሸት ውኃውን ትቀዳለች፣ እንጨቱን ትሸከማለች፣ የጫማዬን ክር ታስራለች። የምሥራች፣ የሦስት ዓመቷ ልጃችን፣ ስትስቅ «ዝም በይ፣ አባባን ያመዋል» ትባላለች። አሁን ሳይነግሯትም ዝም ትላለች። እኔ በሳምንት ሁለቴ ጤና ጣቢያ ሄጄ መርፌ እለምናለሁ። መርፌው ለአንድ ቀን ያደነዝዘዋል፤ ሕመሙንም፣ የቀረውንም። ቀልዱ ከአፌ አልጠፋም። ሰው በሌለበት ቤት ተከፍቶ እንደ ቀረ ራዲዮ ያወራል።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር ኢሳይያስ የሚዛን ልጅ ነው። ዶክተር አይደለም፤ እኛ ግን ዶክተር እንለዋለን፣ እሱም ማረሙ ሰልችቶታል። ዓለምሸት የምሥራችን ስትወልድ ያዋለዳት እሱ ነው። ሚያዝያ ላይ መርፌዬን ልለምን ስሄድ ካርዴን አወጣና፣ «ማንበብ እችላለሁ ትል የለ? እንካ አንብብ» አለኝ። አነበብኩ። እስከ ጥቅምት አጋማሽ በየሳምንቱ «ተሽሎታል» ይላል። ከዚያ ወዲህ መርፌ፣ መርፌ፣ መርፌ ብቻ ነው። «ጉዳቱ ከሻረ ቆየ» አለኝ። «ጥቅምት ላይ እቤትህ ምን ገባ?» «ዝናብ» አልኩት። አልሳቀም። በነጋታው ከሥራ ሲወጣ እቤቴ መጣ።

አልጋዬን አየ። የዓለምሸትን መዳፍ ገልብጦ አየ። እሷ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ እንዲህ አለኝ፦ «ሕመም ማማ ላይ እንዳለ ዝንጀሮ ጠባቂ ነው። ዝንጀሮ ሲመጣ መጮኹ ደግ ነው። ያንተው ግን ዝንጀሮው ከሄደም ወዲያ መጮኽ ለምዶበታል። መተኛቱም፣ ፍርሃቱም፣ የምትደብቀውም ነገር ጩኽ ጩኽ ይሉታል። እኔም ጥፋት አለብኝ፤ ወረፋው ሲረዝም መርፌ ወግቶ መሸኘት ይቀላል።» ከዚያ በርጩማውን ወደ አልጋዬ ስቦ ተቀመጠ። መሄድ ያለበት ሰው አይመስልም። እኔም ከፍራሹ ሥር ደብዳቤሽን አውጥቼ ሰጠሁት።

በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። አባቦራ ከፊት፣ ኢሳይያስ ከኋላቸው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ጋቢውን ደርቦ ቆሟል። አባቦራ እጄን ይዘው «ልጄ ባዘዘው፣ በርታ፤ አባትህ ዐርፈዋል» አሉኝ። ስድስት ወር የማውቀውን ሞት እንደ አዲስ አረዱኝ። ዓለምሸት ጮኸች፤ ግማሹ ለአባታችን፣ ግማሹ ለወለደው በሬ ይመስለኛል። ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን። እስላሙም ጴንጤውም መጣ። እኔም እንዴት ያለ ለቅሶ አለቀስኩ መሰለሽ! የቴፒ ዝናብ አፍሮ እስኪያባራ፣ ጋቢዬ እስኪጨመቅ አለቀስኩ።

ወገቤ ዳነ ብዬ አልዋሽሽም። ኢሳይያስም «ጨርሶ ላይለቅህ ይችላል፤ እኔም ግን አልለቅህም» ብሎኛል። መርፌውን ከለከለኝ። በየቀኑ አንድ የቡና መደዳ እየጨመርክ ተራመድ፣ ማታ ደግሞ ያመመህን ሳይሆን የተራመድከውን ጻፍ አለኝ። ዛሬ አሥራ ዘጠነኛው መደዳ ደርሻለሁ። ሐሙስ ሐሙስ መጥቶ ደብተሬን ያያል፣ ዓለምሸትንም ለብቻዋ ይጠይቃታል። ለአባታችን ሙት ዓመት እስከ ቢቸና ድረስ አውቶቡሱን እችለው እንደሆነ አላውቅም። ልምጣ ወይ ብዬ መጠየቅም አፍሬአለሁ።

እናታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ጋሼ ታፈሰን እጅ ነስቻለሁ በያቸው። ማናልሞሽ ትምህርቷን እንዳትተው፤ አጎቷ በሠላሳ አራት ዓመቱ ነው «ሀ» ያለው። ዓለምሸት «እትዬን ይቅርታ በልልኝ፤ ባውቅ ኖሮ ዝም አልልም ነበር» ብላለች። የምሥራች እጇን ወረቀቱ ላይ አስቀምጣ ዙሪያውን ስዬዋለሁ፤ ከጀርባው ታያለሽ። አባቦራም ከነቤተሰባቸው «እግዜር ያጥናችሁ» ይላሉ።

ወንድምሽ ባዘዘው
ቴፒ፣ ግንቦት 17 ቀን 1975 ዓ.ም.

ፖስታውን ከመዝጋቴ በፊት አንድ ነገር። ከጻፍኩት ውስጥ የፈጠርኩት አንዱን ብቻ ነው። አላለቀስኩም። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ ደረቅ ዓይኔን እንዳያዩብኝ ወገቤን በሁለት እጄ ይዤ አጎንብሼ ነበር፤ ሕመሙ ተነሥቶበት ነው ብለው አዘኑልኝ። ያን ጊዜ አላመመኝም ነበር።